ታኮው ስንት ሴንቲ ይሁን?

ስለ ባለታኮ ጫማ ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ብዙ አንባቢ የተጋራቸውን ጥያቄዎች መርጠናል። አንዳንዶቹን ለማሳጠር ስንል ቆርጠናቸዋል።

«ባለቤቴ ሠርግ በሄድን ቁጥር ገና እህሉ ሳይቀርብ ጠረጴዛ ሥር ጫማዋን ታወልቃለች። ቤት ስንገባ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፋ ታመሻለች። ለሚቀጥለው ሠርግ ግን ያንኑ ጫማ ነው የምታደርገው። እንደሚያም እያወቁ ለምን ያደርጉታል? እሷን ብጠይቃት ‹ለአንተ አይገባህም› አለችኝ።» (ግራ የገባው ባል፣ ከሐዋሳ)

ነገሩን የጀመሩት ወንዶች ናቸውና ጥያቄው እኛንም ይመለከታል። የፋርስ ፈረሰኞች እርካብ ላይ ቆመው ቀስት ሲያስወነጭፉ እግራቸው እንዳይንሸራተት ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ያደርጉ ነበር። ታኮው እርካቡን ቆንጥጦ ይይዝላቸዋል። በዚያን ጊዜ ታኮ እንደ ልጓምና እንደ ኮርቻ የሥራ መሣሪያ ነበር። ሻህ አባስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1599 ወደ አውሮፓ ነገሥታት መልእክተኞች ላከ። በዚያ ዘመን የፋርስ ነገር ሁሉ በአውሮፓ መኳንንት ዘንድ ተወዳጅ ሆነ፤ ታኮም አብሮ ገባ።

መኳንንቱ ግን ከፈረስ ከወረዱ በኋላም አላወለቁትም። እንዲህ ያለ ጫማ ያደረገ ሰው እንደማያርስ፣ ጭነት እንደማይሸከም፣ በጭቃ እንደማይሄድ ማንም አይቶ ያውቃል። አለመመቸቱ ራሱ ማዕረግ ሆነ ማለት ነው። በፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ዘመን ቀይ ታኮ የቤተ መንግሥት ሰው ምልክት ነበር። ሴቶች በ1630ዎቹ ገደማ ታኮውን ከወንዶች ወሰዱ። ወንዶቹ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይተው ሲተዉት ለሴቶቹ ቀረ። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ከእነሱም እግር ጠፍቶ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ተመለሰ። ዛሬ የምናየው እንደ እርሳስ የቀጠነው ታኮ ደግሞ የእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ሥራ ነው። ያን ያህል የቀጠነ እንጨት ይሰበራል፤ ፕላስቲክ ውስጥ ብረት መቅበር ሲቻል ነው የተቻለው።

ይህ ታሪኩ ነው፤ ባለቤትዎ ግን ሉዊን አስባ አይደለም የምታደርገው። ተረከዝ ከፍ ሲል ባት ይወጠራል፣ እግር ረዝሞ ይታያል፣ ወገብ ወደ ውስጥ ይገባል፣ እርምጃው ያጥራል፣ ዳሌም ይበልጥ ይዞራል። በእንግሊዝ የፖርትስማዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ለመፈተን ዘዴ ፈለጉ። የሴቶችን አካሄድ በታኮና ያለ ታኮ ቀረጹ፤ መልካቸውንና ልብሳቸውን አጥፍተው በጨለማ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ብቻ አስቀሩ፤ ከዚያ ለተመልካች አሳዩ። ወንዶቹም ሴቶቹም የታኮውን አካሄድ አስበለጡ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ነው። ስለዚህ ትርፉ እውነተኛ ነው፤ ዋጋው የሚከፈለው ግን በእግር ነው። በዚያ ላይ የሥራ ቦታ ደንብ፣ የዘመድ ዓይንና «ሠርግ መጥታ በሸራ ጫማ» የሚል ሐሜት አለ። ወንድ ይህን ሁሉ አይከፍልም።

በእኛ አስተያየት ታኮን እንደ ልብስ እንጂ እንደ መጓጓዣ አለመቁጠር ብዙ ችግር ያቃልላል። በየከተማው ብዙ ሴቶች ይህን ያውቁታል፤ ታክሲ ሲጋፉ ጠፍጣፋ ጫማ ያደርጋሉ፣ ባለታኮው ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ይጠብቃቸዋል። እርስዎም መኪናውን በር ድረስ አስጠግተው ያውርዷት፤ ከኋላ ወንበር ሥርም አንድ ነጠላ ጫማ አይጥፋ።

«የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ አብዛኛውን ቀን እቆማለሁ። ታኮዬ 8 ሴንቲ ነው። ከምሳ በኋላ የእግሬ የፊት ክፍል እንደ እሳት ይለበልበኛል። የሥራ ባልደረባዬ ያንኑ ጫማ ገዝታ ምንም አትል። እሷ 41 ቁጥር ነች፣ እኔ 36። ልኩ ስንት ሴንቲ ነው?» (ከአዲስ አበባ)

እህታችን፣ ጥያቄሽ ውስጥ መልሱ አለ። እግርን የሚጎዳው ቁልቁለቱ እንጂ የታኮው ቁመት ብቻውን አይደለም፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር ባለው ርቀት ይወሰናል። 36 ቁጥር እግር ላይ ርቀቱ በግምት 16 ሴንቲ፣ 41 ላይ ወደ 18.5 ሴንቲ ነው። ስለዚህ 8 ሴንቲው ታኮ የአንቺን እግር 30 ዲግሪ ያህል ሲያዘነብለው፣ የባልደረባሽን 26 ዲግሪ ያህል ነው። እሷ የቆመችበትን ቁልቁለት አንቺ የምታገኚው በ7 ሴንቲ ነው።

በባዶ እግር ስንቆም ከክብደታችን የሚበዛው ተረከዝ ላይ ያርፋል። ታኮ ያንን ወደ ፊት ይገፋዋል። ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው ልኬት መሠረት በፊተኛው የእግር ክፍል ላይ ያለው ጫና በ2.5 ሴንቲ ታኮ 22 በመቶ፣ በ5 ሴንቲ 57 በመቶ፣ በ7.5 ሴንቲ 76 በመቶ ይጨምራል። ትልቁ ዝላይ ከ2.5 ወደ 5 ሲወጣ መሆኑን ልብ በይ። ቀኑን ሙሉ ለሚቆም ሰው ከ3 እስከ 4 ሴንቲ፣ መሬት የሚነካውም ጫፍ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ስፋት ያለው ይሁን እንላለን። 8 ሴንቲውን ስብሰባ ላለበት ቀን አቆዪው።

ከፊት በኩል ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ ሒሳቡን ይቀይረዋል። ታኮው 10 ሴንቲ፣ የፊቱ ሶል 3 ሴንቲ ከሆነ እግርሽ የሚያውቀው 7 ሴንቲ ነው። ጉዳቱ፣ ወፍራም ሶል አይተጣጠፍም፤ ቁርጭምጭሚትም ከመሬት ስለሚርቅ አንዴ ከተጠመዘዘ ክፉኛ ይጠመዘዛል።

ማቃጠሉ ግን ከቁመት ብቻ ላይመጣ ይችላል። ጣቶችሽ ያሉበትን ክፍል መርምሪ። ማታ፣ እግርሽ አብጦ እያለ፣ ወረቀት ላይ ቆመሽ ዙሪያውን በእርሳስ ንደፊ። ቆርጠሽ የጫማው ሶል ላይ አስቀምጪው። ወረቀቱ በጎን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ከተረፈ ቆዳው ይሸከመዋል፤ ከዚያ ከበለጠ ጫማው የአንቺ አይደለም። ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዢ የሚባለውም ለዚሁ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጣት ሲጨንቃቸው አንድ ቁጥር ከፍ ያደርጋሉ። ጫማው ሲረዝም እግር ቁልቁል ይንሸራተትና ጣቶቹ ሹሉ ጫፍ ውስጥ ይወተፋሉ፤ ከኋላ ክፍተት ይፈጠራል፤ ተረከዝም እየተፋተገ ውኃ ይቋጥራል። የሚያዋጣው በርዝመት ልክ፣ በፊት ሰፊ፣ ከላይ ማሰሪያ ያለው ጫማ ነው። ማሰሪያው እግርን ወደ ኋላ ስቦ ይይዛል።

ለስላሳ የእግር ትራስ ከገዛሽ ከሚያምሽ ቦታ በቀጥታ ሥር አታድርጊው፤ ያ ጫናውን ይጨምራል። ከጣቶች ሥር ካለው ጉብታ 1 ሴንቲ ያህል ወደ ተረከዝ ዝቅ አድርጊና ለጥፊ፤ ያኔ ጉብታውን ከኋላው ደግፎ ያነሳዋል። ሦስተኛና አራተኛ ጣትን በፕላስተር ማሰር የሚባለው ብልሃት ክብደቱን ስለማይቀንስ ብዙ አትመኪበት። የሚያደነዝዝ ቅባት ደግሞ ጭራሽ አንመክርም፤ ሕመሙ ሲጠፋ ጉዳቱ ይቀጥላል።

ማቃጠሉ በሦስተኛና በአራተኛ ጣት መካከል ከሆነ፣ ጠጠር የረገጥሽ ከመሰለሽ ወይም ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ በዚያ የሚያልፈው ነርቭ ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል። ሰፊና ዝቅ ያለ ጫማ አድርገሽ በሦስት ሳምንት ካልተሻለሽ የአጥንት ሐኪም ጋ ሂጂ። ቶሎ የታየ በጫማ ለውጥ ብቻ ሊድን ይችላል።

«ሠፈራችን ኮብልስቶን ነው፤ በዚያ ላይ ቁልቁለት። ታኮዬ ድንጋዮቹ መካከል እየተሰነቀረ ሁለት ጫማ ተበላሸብኝ። ሙሉ ታኮ ይሻላል የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው?» (ከጎንደር)

ለኮብልስቶን አዎ፣ ለቁልቁለቱ በከፊል።

ቀጭን ታኮ የሚሰነቀረው ጫፉ ከድንጋዮቹ ክፍተት ስለሚጠብ ነው። ሌላው ጫና ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ተረከዟን ስታሳርፍ ለአፍታ ክብደቷ ሁሉ 1 ካሬ ሴንቲ ባላት ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ማለትም በካሬ ሴንቲ 60 ኪሎ። ተረከዙ 30 ካሬ ሴንቲ በሆነ ጠፍጣፋ ጫማ ግን 2 ኪሎ ብቻ ነው። አሮጌ የእንጨት ወለል የሚበሳሳው፣ ሣርም የሚውጠው ለዚህ ነው። ጫፉ ከ3 ሴንቲ በላይ የሆነ ታኮ አብዛኛውን ክፍተት ይሻገራል።

ሙሉው ታኮ፣ ማለትም ከተረከዝ እስከ መሐል እግር ያለ ክፍተት የተሞላው፣ ከእኛ አገር ታሪክ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ። ተራ ባለታኮ ጫማ ወገቡ (መሐል እግር የሚያርፍበት) ውስጥ፣ በሁለቱ ሶሎች መካከል፣ ቀጭን ብረት አለው። ብረቱ ከሌለ ወገቡ ይጎብጣል፣ ታኮው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለባት። ለጫማ የሚሆን ጥሩ ብረት ታጣ። የፍሎረንሱ ጫማ ሠሪ ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ በእጁ የገባው ብረት እየተሰበረ ቢያስቸግረው፣ ከሰርዲኒያ ደሴት የመጣ ቡሽ ቆርጦ ከተረከዙ ሥር እስከ ፊት ያለውን ባዶ ቦታ ሞላው። ቡሽ ቀላል ነው፤ ወገቡ መሬት ላይ ስላረፈም ብረት አላስፈለገውም። ዓለም ሁሉ የተከተለው ቅርጽ እንዲህ ተወለደ፤ ምክንያቱ የኛ ጦርነት መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

የሙሉ ታኮ ድክመቱ አለመተጣጠፉ ነው። ጠርዙ ጎርበጥ ያለ ድንጋይ ሲረግጥ ጫማው እንዳለ ወደ ጎን ይገለበጣል። ስትገዢ ከኋላ ሆነሽ እዪው፤ መሬት የሚነካው ክፍል ተረከዝሽ ከሚያርፍበት የጠበበ ከሆነ ተዪው። ሶሉ ጎማ፣ የተቦረቦረ፣ ቁመቱ ከ5 ሴንቲ ያልበለጠ ይሁን።

ቁልቁለቱን በተመለከተ፣ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ መንገድ 6 ዲግሪ ያህል ነው። ለትንሽ እግር 8 ሴንቲው ታኮ ስትወርጂ ከ9 ሴንቲ ያልፋል ማለት ነው። ዳገት ስትወጪ በአንጻሩ ያው ታኮ የ6.5 ሴንቲ ያህል ይሆንልሻል፤ ለዚህ ነው ዳገት በታኮ የማይከብደው። ስትወርጂ እርምጃሽን አሳጥሪ፣ በሰያፍ ውረጂ። ደረጃ ላይ መደገፊያውን ያዢ።

ድንገት ቁርጭምጭሚት ቢጠመዘዝ ጫማውን አውልቆ እግርን ከፍ ማድረግ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ መያዝ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተሽ፣ ወይም ከቁርጭምጭሚቱ ጉብታ በስተኋላ አጥንቱን ሲነኩት ካመመሽ ራጅ ያስፈልጋል። ወጌሻ ከዚያ በፊት አይንካው፤ ስንጥቅ ካለ መታሸቱ ያፈናቅለዋል።

«ሠርጌ በጥር ነው። ሥርዓቱ በተክሊል ነው፤ ከዚያ ሐይቅ ዳር ፎቶ፣ ከዚያ አዳራሽ። እስከዛሬ ከ4 ሴንቲ በላይ አድርጌ አላውቅም። ቀኑን እንዴት ልወጣው?» (ሙሽሪት፣ ከባሕር ዳር)

እንኳን ደስ አለሽ። ከለመድሽው በ2 ወይም በ3 ሴንቲ ብቻ ከፍ በይ፤ ከ6 እስከ 7 ይበቃል። በቬሎ ሥር ማንም አይለካውም።

ጫማው ከቬሎው በፊት ይገዛ፤ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ። ሰፊዋ የቬሎውን ጠርዝ የምትቆርጠው ጫማውን አድርገሽ ቆመሽ ነው። እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ፦ ቤተ ክርስቲያን ጫማሽን ታወልቂያለሽ። ለ7 ሴንቲ ታኮ የተቆረጠ ቬሎ በባዶ እግር ስትሆኚ 4 ወይም 5 ሴንቲ ያህል መሬት ይጎተታል። (ታኮው ሙሉ በሙሉ ቁመት አይሆንም፤ ቁርጭምጭሚት ከታኮው ፊት ስለሚገኝ ጥቂት ይጎድላል።) ጠርዙን ረግጠሽ እንዳትደናቀፊ በውስጥ በኩል በስውር ቁልፎች የሚሰበሰብ ይሁን፤ ወይም ሁለት ሚዜዎች ቀሚሱን ማንሳት ይለማመዱ። ሰፊዋ ጠርዙን ከመቁረጧ በፊት በሁለቱም መልክ፣ በጫማና በባዶ እግር፣ ቆመሽ እዪው። በር ላይ ጎንበስ ብሎ ቁልፍ መፍታት በቬሎ አይቻልም፤ ስለዚህ ማሰሪያው ላስቲክ ያለው፣ ሚዜሽ በአንድ እጅ የምታወልቀው ይሁን።

ጫማውን ማለማመድ። በመጀመሪያው ሳምንት ወፍራም ካልሲ አድርገሽ ምንጣፍ ላይ በቀን 20 ደቂቃ። በሁለተኛው ያለ ካልሲ 30 ደቂቃ። በሦስተኛው አንድ ሰዓት፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ ጨምረሽ። ስታወልቂ እግርሽን እዪ፦ ቀይ ምልክቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ካልጠፋ ያ ቦታ በሠርጉ ቀን ውኃ ይቋጥራል። ቦታውን ሊፕስቲክ ቀቢና ጫማውን አድርጊ፤ ውስጡ ላይ የታተመውን ለጫማ ሰፊ አሳዪ። ፎርማ ላይ ወጥሮ ቆዳውን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ያሰፋዋል። ሰው ሠራሽ ቆዳ ግን ሲፈታ ይመለሳል። በበረዶ መለጠጥም ሆነ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ የሚባሉትን ተዪ፤ ማስቲሹን ያላቅቁታል።

አዲስ ሶል እምነበረድ ላይ ይንሸራተታል። በብርጭቆ ወረቀት ከታች የሚረግጠውን ክፍል ወደ ጎን ወደ ጎን ፈትጊው፤ አሥር ጊዜ ያህል ይበቃል። ለሐይቅ ዳሩ ሣር የታኮ ጫፍ ላይ የሚሰካ ሰፊ ፕላስቲክ አለ፤ ካጣሽው ጠፍጣፋ ጫማ አድርገሽ ቁሚ፤ ፎቶው ከወገብ በላይ ይነሳ።

በዕለቱ ጠዋት፣ እግርሽ ደረቅ ሳለ፣ የሚያሠጉ ቦታዎች ላይ ፕላስተር ለጥፊ። ካበጠ በኋላ የተለጠፈ ፕላስተር ራሱ ይፋትጋል። ለጭፈራው ሁለተኛ ጫማ ያዢ፤ ቁመቱ ከመጀመሪያው በ2 ሴንቲ ብቻ ያነሰ ከሆነ ቬሎው አይጎተትም። እስክስታ ትከሻ ነው፣ ታኮ ይችለዋል። ጉራግኛ ሲጀመር ግን ማንም ሳይለምንሽ ቀይሪ።

«ስራመድ ታኮዬ ንጣፍ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ አንዱም ይወዛወዛል። ሰፊው ማስቲሽ ቀብቶ ቢመልሰው በሳምንቱ ተመልሶ ወዛወዘ። በዚያውስ ቁመቱን አሳጥሮ ይቆርጥልኛል?» (ከደሴ)

ቀጭ ቀጭ የሚለው ብረት ነው። የታኮው ጫፍ ላይ ያለችው ላስቲክ ከመሐሏ ብረት ተሰክቶባት ታኮው ውስጥ ይገባል። ላስቲኳ ስታልቅ ብረቷ መሬት ትነካለች፤ ያኔ ንጣፍ ላይ ትንሸራተቻለሽ። ከዚያ አልፎ የታኮው ፕላስቲክ ራሱ መፈጨት ይጀምራል፤ ይህ አይጠገንም። ላስቲኳ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ስትቀር አስቀይሪ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቀየሩ፤ አለዚያ አንዱ እግር አጭር ይሆናል። አዲሱ ሚስማር ከቀዳዳው ቢቀጥን በመንገድ ይወድቃል፤ ሰፊው ሲመታው ጠበቅ ብሎ መግባቱን ተመልከቺ።

መወዛወዙ ሌላ ጉዳይ ነው። ታኮ ከጫማው ጋር የሚያያዘው በማስቲሽ ብቻ አይደለም፤ ከውስጥ፣ ተረከዝሽ ከሚያርፍበት ገበር ሥር፣ በብሎንና በምስማር ነው። ሰፊው ገበሩን አንሥቶ እነሱን ካላጠበቀ ወይም ካልቀየረ ከውጭ የሚቀባው ማስቲሽ አይቆይም። ማስቲሽም ቢሆን ሕግ አለው፦ አሮጌው ይፋቃል፣ ሁለቱም ወገን ይቀባል፣ ጣት ላይ እስከማይለጠፍ ድረስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ ተጋጥሞ በኃይል ይጫናል። እርጥብ እንዳለ የተጋጠመ ይላቀቃል። ለአንድ ቀን አታድርጊው።

መቁረጥ እስከ 1 ሴንቲ ይቻላል፤ ከዚያ አያልፍም። የጫማው ወገብ ውስጥ ያለው ብረት የተጎበጠው ለዚያ ታኮ ቁመት ነው። ታኮው ሲያጥር የፊቱ ጫፍ ወደ ላይ ይነሳል፣ የታኮውም ጫፍ በኋላ ጠርዙ ብቻ ይቆማል።

አዲስ ስትገዢ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪውና ከኋላ በጣት ግፊው፤ ቢወዛወዝ አትግዢው። ከፊትና ከኋላ ይዘሽ ስታጥፊው መታጠፍ ያለበት ጣቶች ሥር ላይ ብቻ ነው፤ ወገቡ ላይ ከታጠፈ ብረቱ ደካማ ነው ወይም የለም።

«ለንደን እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ። አለቃዬ ታኮ ግዴታ ነው ይላል። መብቱ ነው?»

ለሴት ብቻ የተጣለ፣ ለወንዱ አቻ የሌለው ግዴታ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የብሪታንያ የእኩልነት ሕግ አድልዎ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ለንደን ውስጥ አንዲት እንግዳ ተቀባይ ታኮ አላደርግም ብላ ያለ ደመወዝ ከሥራ ተመልሳለች። ያስጀመረችው አቤቱታ ከ150,000 በላይ ፊርማ አግኝቶ በ2017 ፓርላማው ተከራከረበት። ሕጉ አልተቀየረም፤ መንግሥት በ2018 ለአሠሪዎች መመሪያ አወጣ። በዚያው 2017 ፊሊፒንስና የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዴታውን ከልክለዋል። ደንቡን በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂ፤ የእግር ሕመም ካለብሽ የሐኪም ወረቀት አያይዢ።

«ለዓመታት በታኮ ኖሬያለሁ። ሐኪም ተዪ ስላለኝ ጠፍጣፋ ጫማ ገዛሁ፤ አሁን ባቴና ተረከዜ ይሳባል። በታኮ ይሻለኛል ማለት ነው?» (እናት፣ ከአዳማ)

አይደለም እናታችን፤ የተሳቡበት ምክንያት ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ በሳምንት አምስት ቀንና ከዚያ በላይ፣ 5 ሴንቲና ከዚያ የበለጠ ታኮ ያደረጉ ሴቶችን መርምሮ የባታቸው ጡንቻ ክሮች 13 በመቶ ያህል አጥረው፣ የተረከዛቸው ጅማት ደግሞ ወፍሮና ደርቆ አግኝቷል። ባትዎ አጭሩን መንገድ ለምዷል። በአንድ ቀን ወደ ጠፍጣፋ ሲወርዱ ጅማቱ ይቆጣል።

በየሦስት ሳምንቱ 2 ሴንቲ እየቀነሱ ይውረዱ። ፍጹም ጠፍጣፋ ላይ መድረስም ግድ አይደለም፤ 2 ሴንቲ ላይ መቆም ይችላሉ። ጠዋትና ማታ ግድግዳ ተደግፈው አንድ እግር ወደ ኋላ፣ ተረከዙ መሬት ሳይለቅ፣ ጉልበት ቀጥ ብሎ 30 ሰኮንድ፤ በየእግሩ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ያንኑ ጉልበትን ትንሽ አጥፈው ይድገሙት፤ ጥልቁን ጡንቻ የሚያገኘው ይህኛው ነው። መሳቡ ይሰማል፤ እንደ ስለት የሚወጋ ሕመም ከሆነ ያቁሙ።

«የ13 ዓመት ልጄ ለበዓል ታኮ ግዢልኝ ትላለች።»

ለበዓሉ ቀን 3 ሴንቲ፣ ሰፊ ጫፍ ያለው፣ ማሰሪያ ያለው ይገዛላት። ለትምህርት ቤት አይሆንም፤ በዚህ ዕድሜ የእግር አጥንት ገና እያደገ ነው። ቁጥሯ በወራት ስለሚቀየር ውድ አይግዙ፤ ዓምና የገዙትንም ለታናሿ ከማስተላለፍዎ በፊት ታኮው አለመወዛወዙን ይፈትሹ።